ቁልፉ በመጨረሻ፦ ለረጅም ጊዜ የቆመ ተሽከርካሪን ዳግም ስለ ማስነሳት

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት የተደረገበት)



የዛሬው ርእሴ ለዩኒቨርሲቲ መድረክ ያነሰ ሊመስል ይችላል። ለወራት ወይም ለዓመታት የቆመን መኪና እንዴት እናስነሣው? ጥያቄው ግን በዚህ አካባቢ የብዙ ቤተሰብ የዕለት እንጀራ ጥያቄ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን ሲገባ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጎብኚዎች ቀሩ። በጥቅምት 2013 ጦርነቱ ተጀመረ፤ በነሐሴ ወር ውጊያው በአዲ አርቃይና በዛሪማ አልፎ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ደረሰ። በጥቅምት 2015 የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈረመ፤ ነገር ግን ዓመቱ ሳይዞር በሐምሌ 2015 በክልላችን ሌላ ግጭት ተቀሰቀሰ። በእነዚህ ዓመታት እንግዳ ያመላልሱ የነበሩ ላንድ ክሩዘሮች፣ ሚኒባሶችና አይሱዙዎች በየግቢው ቆሙ። መንገዱ በተከፈተ ቁጥር ባለቤቱ ቁልፉን ይዞ ይሮጣል። እኔ ልናገር የመጣሁት ስለዚያ ሩጫ ነው።

የምለው አንድ ነገር ነው፤ መኪና በመቆሙ የሚደርስበት ጉዳት አለ፣ አብዛኛው ግን ሊጠገን የሚችል ነው። ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው በቆመበት ጊዜ ሳይሆን ለመጀመሪያ ጊዜ በሚነሣባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ነው። ስለዚህ ቁልፉን ማዞር የሥራው መጀመሪያ ሳይሆን መጨረሻ ሊሆን ይገባዋል።

ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ የአጎቴን መኪና አበላሽቼ ነው።

የአንድ ስሕተት ታሪክ

አጎቴ በደባርቅ የታወቁ የቱሪስት ሾፌር ናቸው። መኪናቸው ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ያላት አሮጌ ላንድ ክሩዘር ናት። በነሐሴ 2013 ከቆላው ወገን ተፈናቃዮች ወደ ከተማው ሲጎርፉ፣ ቤተሰብ ጭኖ ወደ ጎንደር የሚሄድ አንድ አይሱዙ ናፍጣ አልቆበት ቆመ። አጎቴ ከመኪናቸው ታንከር ናፍጣውን በጎማ ቱቦ ስበው ሰጡት። በግርግሩ የታንከሩ ክዳን ጠፋ፤ አፉን በጨርቅ ወተፉትና እሳቸውም ቤተሰባቸውን ይዘው ሄዱ።

መኪናዋ ከቤቱ ጀርባ 17 ወር ቆመች። በጥር 2015 የጥምቀት እንግዶች ከጎንደር ወደ ሳንቃበር መውጣት እንደሚፈልጉ ተሰማ፤ አጎቴም ከብዙ ጊዜ በኋላ ሥራ አገኙ። እኔ ያን ጊዜ የሜካኒካል ምህንድስና ወጣት መምህር ነበርሁ። «አንተ የተማርህ ነህ፤ እስቲ እያት» አሉኝ። አየኋት። ባትሪዋ ሞቷል፤ ዘይቷ ልክ ነው፤ ራዲያተሯ ውሃ አለው። ሃያ ሊትር ናፍጣ ከጀሪካን ጨመርን፤ በሌላ መኪና ጎትተን በግፊ አስነሣናት። ጥቁር ጭስ ተፍታ ተነሣች። ጎረቤቱ እልል አለ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ግን ድምፅዋ ተንገጫገጨና ጠፋች፤ ከዚያ ወዲያ በምንም አልነሣም አለች።

የነዳጅ ፊልትሮውን ስንፈታው አንድ ብርጭቆ የሚሞላ ዝገት የለበሰ ውሃ ወጣ። ከታንከሩ ሥር ደግሞ ከሁለት ሊትር የሚበልጥ ቀዳን። የነዳጅ ፓምፗ ተጣብቋል። የዚህ ዓይነቱ ፓምፕ የተለየ የቅባት ዘይት የለውም፤ የሚያለሰልሰው ራሱ የሚያልፍበት ናፍጣ ነው። በውስጡ በሚንሸራተቱት ክፍሎች መካከል ያለው ክፍተት ከፀጉር ውፍረት በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። በናፍጣ ፋንታ ውሃ ሲገባ ብረት በብረት ላይ ይፋተጋል። የፊልትሮውን ማፍሰሻ ብሎን አስቀድሜ ፈትቼ ቢሆን ኖሮ አምስት ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። አጎቴ ፓምፑን ለማሠራት ሁለት በሬ ሸጡ።

ውሃው ከየት መጣ?

በየጋራዡ የሚሰጠው መልስ «ታንከሩ ባዶ ሲሆን ያልበዋል» የሚል ነው። እውነትነት አለው፤ ግን መጠኑን አብረን እናስላው። 90 ሊትር የሚይዝ ባዶ ታንከር እናስብ። ሌሊት 5 ዲግሪ፣ ቀን 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን ውስጡ ያለው አየር ሲሞቅ 5 በመቶ ያህል ይሰፋል። ስለዚህ በየቀኑ አራት ሊትር ተኩል ገደማ አየር ይወጣል፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ያንኑ ያህል እርጥብ አየር ይገባል። በ15 ዲግሪ በእርጥበት የጠገበ አንድ ሊትር አየር 13 ሚሊግራም የማይሞላ ውሃ ይይዛል። ያ ሁሉ ውሃ ጠብ ብሎ ቀረ እንኳ ብንል፣ በ500 ቀን የሚጠራቀመው 30 ግራም አይሞላም። ይህ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ነው።

እንግዲህ ሁለቱ ሊትር ከላበት አልመጣም። የመጣው በዚያ ጨርቅ በኩል ነው፤ አንድ ሙሉ ክረምትና የሌላው ክረምት ጅራት በላዩ ዘንቦበታል። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። መጀመሪያ፣ የክዳኑንና የክዳኑን ጎማ ደኅንነት ማረጋገጥ ታንከሩን ሞልቶ ከማቆም ይቀድማል። ሁለተኛ፣ ሁለት ማንኪያ ውሃም ቢሆን ዝቅ አድርገን አንየው፤ የብረት ታንከርን ያዝጋል፣ በውሃውና በናፍጣው ድንበር ላይም ባክቴሪያና ፈንገስ ይራባሉ። ጥቁር አተላ መስሎ ፊልትሮ የሚደፍነው እሱ ነው። ቤንዚን በሌላ መንገድ ይበላሻል፤ ቀለል ያለው ክፍሉ ይተንናል፣ የቀረው ከአየር ጋር ተዋሕዶ እንደ ሙጫ ይሆናል። ከዓመት በላይ የቆየ ቤንዚን ቢቀዳና ቢለወጥ ይሻላል።

ከኮፈኑ በፊት

አሁን ወደ ቅደም ተከተሉ ልግባ። በነገራችን ላይ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ሞተሪኖ፣ ካንዴላ፣ ኮፈን የምንላቸው ቃላት የጣልያንኛ ልጆች ናቸው፤ የሊማሊሞን መንገድ የጠረጉት ጣልያኖች ቃላቱንም ትተውልን ሄደዋል። እኔም ጋራዡ በሚያውቀው ቃል እናገራለሁ።

የመጀመሪያው ሥራ ኮፈን መክፈት አይደለም። ውጊያ በነበረበት ስፍራ የቆመ መኪና ከሆነ፣ ከሩቅ ሆናችሁ ዙሪያውንና ሥሩን ተመልከቱ። የማታውቁት ብረት፣ ሽቦ ወይም የተቆፈረ አፈር ካያችሁ አትንኩ፤ ሕፃናትን አርቁና ለሚመለከተው የጸጥታ አካል አስታውቁ። መኪና ይተካል፤ እጅና እግር አይተካም።

ቀጥሎ አይጥን እንፈልጋለን። የአየር ማጣሪያው ሣጥን ደረቅና ሙቅ ስለሆነ ለአይጥ የተመቸ ቤት ነው። ሣጥኑን ሳይከፍቱ ሞተር ማስነሣት ገለባውን ወደ ሲሊንደር መጋበዝ ነው። የተበሉ ሽቦዎችን፣ የደረቁ ጎማ ቱቦዎችን፣ የተሰነጠቀ ቺንጋን አብራችሁ እዩ። ከመኪናው ሥር የምትገቡ ከሆነ ክሪክ ብቻውን አይታመንም፤ ጠንካራ መደገፊያ ይቁምበት።

ባትሪ

ሙሉ የሆነ የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ዕረፍት ላይ ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። 12.4 ሲሆን ሩብ ያህሉ ጎድሏል፤ 12.0 ላይ ባዶ ለመሆን ተቃርቧል። ባትሪ ምንም ባይሠራበትም በየወሩ ጥቂት በመቶ እየጎደለ ይሄዳል፤ በመኪናው ላይ ያለ ሰዓትና የማንቂያ ደወልም ይጠጡታል። ጎድሎ ሲቆይ በእርሳሱ ላይ ነጭ ሰልፌት ይጋገራል፤ ያ ሲጠነክር ባትሪው ቻርጅ አልቀበል ይላል። ዕረፍት ላይ ከ10.5 ቮልት በታች የወረደውን ብዙ ጊዜ መለወጥ ነው።

በኬብል ከሌላ መኪና የምታስነሡ ከሆነ የመጨረሻው ጥቁር ኬብል በሞተው ባትሪ ላይ ሳይሆን ራቅ ባለ የሞተሩ ብረት ላይ ይታሰር። ባትሪ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል፤ የመጨረሻው ብልጭታ ከአጠገቡ እንዲሆን አንፈልግም። ሲጋራም በዚያ አካባቢ አይኑር።

ዘይትና የሞተሩ የመጀመሪያ ዙር

ሞተር ሲቆም ዘይቱ ወደ ታች ይወርዳል። ከወራት በኋላ የሲሊንደሩ ግድግዳና ኩሽኔቶቹ ደርቀው ይቆያሉ። አሮጌው ዘይት ደግሞ የቃጠሎ አሲድና እርጥበት ይዟል። ስለዚህ መኪናው ከዓመት በላይ ከቆመ ዘይቱንና የዘይት ፊልትሮውን አስቀድማችሁ ለውጡ።

ከዚያ ካምቢዮው ዜሮ ላይ ሆኖ፣ በክራንክ ዘንጉ ጫፍ ባለው ብሎን ላይ ቁልፍ አስገብታችሁ ሞተሩን በእጅ ቀስ ብላችሁ ሁለት ዙር አዙሩ። በለሰለሰ ሁኔታ ከዞረ መልካም ነው። እምቢ ካለ አትታገሉት፤ ካንዴላዎቹን አውጥታችሁ በየሲሊንደሩ ጥቂት ንጹሕ ዘይት ጠብ አድርጉና አሳድሩት። በዝገት የተያዘ ፋሻ በጊዜ ይላቀቃል፤ በጉልበት ይሰበራል። በግፊ ማስነሣት የሚጎዳውም ለዚህ ነው፤ የእጅ ጥንቃቄ የሚጠይቀውን ሥራ ቶን ለሚመዝን ጉልበት አሳልፎ ይሰጣል።

በእጅ ከዞረ በኋላ ሞተሩ እንዳይነሣ አድርጋችሁ በሞተሪኖ አሽከርክሩት። በአሮጌ የናፍጣ ሞተር የነዳጅ መዝጊያውን ሽቦ ከፓምፑ ላይ መንቀል ይበቃል፤ በቤንዚን ሞተር የነዳጅ ፓምፑን ፊውዝ አውጡ፤ በኮምፒውተር የሚሠሩትን ግን የአምራቹ መመሪያ እንደሚያዘው አድርጉ። አሥር ሰኮንድ አሽከርክሩ፣ አንድ ደቂቃ አሳርፉ፣ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ድገሙ። መብራቱ ጠፋ ማለት ዘይቱ ወደ ላይ ደረሰ ማለት ነው። አሁን ገና ነዳጁን መልሱ፤ በናፍጣ ፊልትሮው ራስ ላይ ባለው የእጅ ፓምፕ አየሩን አስወጡ፤ ቁልፉንም አዙሩ።

ሲነሣ ነዳጅ አትስጡት፤ በራሱ ይቀመጥ። በደባርቅ ከፍታ፣ ማለትም 2,850 ሜትር ገደማ ላይ፣ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ጠዋቱም ቀዝቃዛ ነው። ቀዝቃዛ ሞተር በእንዲህ ያለ ስስ አየር ትንሽ ማጨሱና መንተክተኩ አያስደንቅ። የማሞቂያ ካንዴላዎቹ መብራት እስኪጠፋ መታገሥ ብዙውን ችግር ይፈታል።

ውሃ በ91 ዲግሪ ሲፈላ

ይህ ከፍታ ሌላም ወጥመድ አለው። በደባርቅ ክፍት ድስት ላይ የተጣደ ውሃ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የሞተር መደበኛ የሥራ ሙቀት ከዚህ ቁጥር ጋር የተጠጋ ነው። ራዲያተሩ የማይፈላው ክዳኑ ግፊቱን ስለሚይዝ ነው፤ ጤነኛ ክዳን የመፍሊያውን ነጥብ እዚሁ ደባርቅ ላይ እንኳ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ክዳኑ ሲቆም ጎማው ደርቆ ከሆነ ግን ራዲያተሩ ክፍት ድስት ይሆናል። ሌላ ምንም ጉድለት የሌለበት ሞተር በአንድ ርካሽ ክዳን ምክንያት ፈልቶ ቴስታታው ሊጣመም ይችላል። ስለዚህ ክዳኑን መርምሩ፤ የዛገውን ውሃም በፀረ ዝገት ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ለውጡ።

ከመነሣት ይልቅ መቆም ይከብዳል

ብዙዎቻችን ሞተሩ ሲነሣ ሥራው ያለቀ ይመስለናል። እኔ ግን ሞተሩ ባልተነሣ ኖሮ የማልፈራውን፣ ሲነሣ እፈራለሁ፤ ፍሬኑን። የፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር ይስባል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ 230 ዲግሪ እስኪደርስ አይፈላም፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መለኪያው ወደ 155 ይወርዳል። ዶት 3 ከ205 ወደ 140 ይወርዳል። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወስደው የሊማሊሞ ቁልቁለት ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ያወርዳል፤ ፍሬን የሚግልበት መንገድ ነው። ዘይቱ ከፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል፤ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ የቆመ መኪና የፍሬን ዘይት ሙሉ በሙሉ ይለወጥ።

የእጅ ፍሬን ተይዞ የቆመ መኪናም ሸራው ከከበሮው ጋር በዝገት ይጣበቃል። የቀድሞ የከባድ መኪና ሾፌሮች ጎማ ሥር ድንጋይ አስደግፈው የእጅ ፍሬኑን የሚለቁት በዚህ ምክንያት ነው፤ ልማዱ ትክክለኛ ምህንድስና ነው።

ቁልቁለት ላይ አንከባልሎ ስለ ማስነሣትም አንድ ቃል ልጨምር። በናፍጣ መኪና ፔዳሉን የሚያግዘው የቫኩም ፓምፕ የሚሠራው ሞተሩ ሲዞር ነው። ሞተሩ ሳይነሣ ቁልቁል የለቀቃችሁት መኪና ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ሊነሣ ይችላል፤ ላይነሣም ይችላል፤ ባይነሣ ግን የምትቆሙበት ነገር የላችሁም።

ጎማን በተመለከተ፣ በጎኑ ላይ ያሉትን የመጨረሻ አራት አኃዞች አንብቡ፤ 2318 ቢል በፈረንጆች 2018 ዓ.ም. 23ኛ ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆን እንኳ ጎኑ የተሰነጠቀ ጎማ ለጎሚስታ ይታይ።

ሁሉም ከተሟላ በኋላ የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ዳባት እንጂ ወደ ሊማሊሞ አይሁን። ደጋ ለደጋ፣ በዝግታ፣ እየቆማችሁ የጎማ መሐሎችን ሙቀት በእጃችሁ ጀርባ በጥንቃቄ እየፈተናችሁ ሂዱ። ከሌሎቹ ይልቅ የጋለ ጎማ ካለ ፍሬኑ አልለቀቀም። ዳባት ደርሳችሁ ከሥሩ የሚንጠባጠብ ነገር እንዳለ እዩና ተመለሱ።

መልሶ ማቆምም ሥራ ነው

የአጎቴ ፓምፕ ተጠግኖ የተመለሰው በሰኔ 2015 ነበር። ወሩ ሳይሞላ መንገዱ እንደገና ተዘጋ። ቤታቸው ስሄድ መኪናዋ ከቤቱ ጀርባ ቆማለች። ለምን እንዳልተናገሩኝ አላውቅም፤ አንድም ቀን ወቅሰውኝ አያውቁም። ያን ቀን ግን «እንግዲህ በደንብ አቁምልኝ» አሉኝ። ከዚህ የከበደ የቤት ሥራ ተሰጥቶኝ አያውቅም።

አብረን አቆምናት። አዲስ ክዳን አደረግን፤ ታንከሩን ባገኘነው ናፍጣ ሞላን፤ ዘይት ለወጥን፤ ባትሪውን ነቅለን ቤት አስገባን፤ ጎማዎቹን ከመሬት አንሥተን በጠንካራ ጠርብ ላይ አሳረፍናት፤ የእጅ ፍሬኑን ለቀቅን፤ የአየር መግቢያውን በወንፊት ሽቦ ሸፈንን፤ የተደረገውን ሁሉ በወረቀት ጽፈን በመሪው ላይ አንጠለጠልን። በየሳምንቱ አምስት ደቂቃ ማስነሣት የሚለውን ልማድ ግን ተውነው። ሞተር በደንብ ሳይሞቅ ከጠፋ በቃጠሎው የተፈጠረው ውሃ በዘይቱና በማርሚታው ውስጥ ይቀራል፤ የሚያድነው መስሎ ያዝገዋል። ወይ ግማሽ ሰዓት ያህል እየተነዳ ይሙቅ፣ ወይ ጨርሶ አይነካ።

አጎቴ በየወሩ መጀመሪያ ሞተሩን በእጃቸው ሁለት ዙር ያዞሩና በዚያ ወረቀት ላይ ምልክት ያደርጋሉ። ባለፈው ስጠይቃቸው፣ «ገና ትዞራለች» አሉኝ።

ውድ ተማሪዎች፣ በዚህ ከተማ እንደዚህች ያሉ መኪኖች በየግቢው አሉ። ባለቤቶቻቸው አንድ ቀን መንገድ ሲከፈት ቁልፍ ይዘው ይሮጣሉ፤ «አንተ የተማርህ ነህ፤ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ እስቲ እዩልን» ይሏችኋል። ያን ጊዜ እልልታውን ለአንድ ቀን አዘግዩት። ብሎኑን ፈትታችሁ ውሃውን አፍስሱ።